ለቫይረሱ በነፃ፣ ለግፊቱ በገንዘብ

ኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን በነፃ ማደል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያን ጊዜ በባሕር ዳር በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ኪኒኑን የጀመሩ ሰዎች ዛሬ 50ን አልፈዋል። ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን፣ ሲለካላቸው ቫይረሱ በመሣሪያ አይታይም። ከእነዚሁ መካከል አንዳንዱ አንድ ማለዳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። ስትሮክ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ነው።

ይህን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቫይረሱ በመድኃኒት ቢታፈንም የሰውነት መከላከያ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ ዝቅተኛ ግን የማያቋርጥ መቆጣት የደም ቧንቧን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ ስብም በተጎዳው ላይ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ቫይረሱን በመቆጣጠር ረገድ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በተለይ በሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። እዚህ ላይ ባህላችን አያግዝም። ከስታ በጎረቤት ስትታማ ለኖረች ሴት መወፈር ሐሜተኛን አፍ የሚያዘጋ ድል ነው። «ተመችቶሻል» ስትባል ደስ ይላታል እንጂ ግፊት መለኪያ ትዝ አይላትም።

በአፍሪካ የልብ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ውድ መሣሪያ ይሄዳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 አገሮች 1,006 የልብ ድካም ታማሚዎችን የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር ይናገራል፦ የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 52 ሲሆን ዋናው መንስኤ የደም ግፊት ነበር። ግፊት ደግሞ በክንድ ላይ በሚጠመጠም ጨርቅና በጥቂት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነው።

ታዲያ ማን ይለካው? አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጤናቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ትሰጣለች። ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ባለሙያ ፊት የሚቀርበው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ቀናት በቫይረሱ ወሬ ካለቁ ለልቡ ሌላ ቀን የለውም። ግፊቱ ቢገኝ እንኳ ፀረ ኤችአይቪው በነፃ ሲሰጠው የግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒንን፣ የጤና መድን ከሌለው፣ ከኪሱ ይገዛል። ሌላ ካርድ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ቀጠሮ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው በዚሁ ይተወዋል።

በኤችአይቪና በልብ ሕክምና ክፍል መካከል መመላለሱ ድካም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የመጀመሪያው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር በሁለተኛው ደረጃ ሕክምና የሚሰጠው ሪቶናቪር ኮሌስትሮል ለመቀነስ ከሚታዘዘው ሲምቫስታቲን ጋር ሲገናኝ ጡንቻን እስከማቅለጥ፣ ኩላሊትን እስከመጉዳት ያደርሳል። መገለልን ፈርቶ የኤችአይቪ መድኃኒት መውሰዱን ለልብ ሐኪሙ የሚደብቅ ታካሚ ካለ፣ አደጋው ከማዘዣው ወረቀት ይጀምራል።

መድኃኒት ማቋረጥም ለልብ ጠንቅ ነው። ስማርት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ከጊዜው በፊት የቆመው፣ መድኃኒታቸውን እያቋረጡ ከወሰዱት መካከል ብዙ ሰው ስለሞተና የልብ ሕመሙም ስለበዛ ነው። ባሕር ዳር ይህን ሊያጤነው ይገባል፤ አንዳሳ ጊዮርጊስ ጸበል የሚሄዱ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ለጸበሉ ሲሉ ኪኒኑን የሚያቋርጡ ሊኖሩ ይችላሉና። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንም ኪኒኑንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል መናገራቸውን በየጸበሉ ቦታ ደጋግሞ ማስታወስ አይከፋም።

ቸግሮናል የሚለው መልስ ሐሰት አይደለም። ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥም በዚያው ገንዘብ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ውል ፈርሷል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የግፊትና የስኳር ሕክምና ከኤችአይቪ አገልግሎት ጋር እንዲጣመር መክሯል። የአማራ ክልል ጤና ቢሮ የልብ ሐኪም እስኪሟላ መጠበቅ የለበትም። በእያንዳንዱ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል የሚሠራ ግፊት መለኪያ ይቀመጥ፤ ግፊት የተገኘበት ሰው እስኪረጋጋ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ በየወሩ ይለካ፤ ከዚያ የግፊቱ ኪኒን ከፀረ ኤችአይቪው ጋር፣ በአንድ መስኮት፣ ያለ ክፍያ፣ የስድስት ወሩ ተቆጥሮ ይሰጠው።