ሰላም የጭቃ ቤት ነው

ቲምቡክቱ ለጎብኚ ክፍት በነበረችባቸው ዓመታት ስለ እርሷ የተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች አንድ ዐይነት መዝጊያ ያበዛሉ። ጸሐፊው መስጊዶቹንና ጥንታውያኑን የእጅ ጽሑፎች ካየ በኋላ ወደ «የሰላም ነበልባል» ሐውልት ይሄዳል፤ በሲሚንቶው ውስጥ የተቀበሩትን የጠመንጃ ቅሪቶች ያደንቃል፤ ጦርነት እዚህ ተቀበረ ብሎም ይሰናበታል። እኔ የምሞግተው ይህን አድናቆት ነው።

የታሪኩን ታላቅነት አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1990 በሰሜን ማሊ የፈነዳው የቱዋሬጎች ዐመፅ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ፣ ማርች 27 ቀን 1996 በፕሬዚዳንት አልፋ ኡማር ኮናሬ ፊት 3,000 ያህል የጦር መሣሪያ ተከምሮ ነደደ። ሲዋጉ የነበሩት ንቅናቄዎችም በዚያው ዕለት መፍረሳቸውን ዐወጁ። ጠላቱን ፊት ለፊት እያየ መሣሪያውን ለእሳት የሚሰጥ ሰው፣ ድፍረቱ ከተኳሽ ይበልጣል።

ነገር ግን ብረት ተተኪ አያጣም። በ2006 ዐመፁ እንደገና ተቀሰቀሰ። በ2011 የሊቢያው ጋዳፊ ሲወድቅ ከግምጃ ቤቶቹ የወጣው መሣሪያ በረሓውን አቋርጦ መጣ። በ2012 ቲምቡክቱ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች፤ የወሊዮቿ መቃብሮችም በዶማ ፈረሱ። ይህን አይተው ሐውልቱ ውሸት፣ እሳቱም ትርኢት ነበር የሚሉ አሉ። ይህም ፍርድ እንደ ቀድሞው አድናቆት ችኩል ነው።

እሳቱ እውነት ነበር። የጎደለው ከእሳቱ በኋላ ያለው ሥራ ነው። በ1992 የተፈረመው ብሔራዊ ስምምነት የዐማፅያኑን ተዋጊዎች ወደ መንግሥት ሠራዊት ከማስገባት ባሻገር፣ ለሰሜኑ ልማትንና ራስን የማስተዳደር ሥልጣንን ቃል የገባ ነበር። ጠመንጃው በአንድ ቀን ተቃጠለ፤ ቃሉ ግን በየዓመቱ መከፈል የነበረበት ዕዳ ነው። ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ውዝፍ ዕዳ በሐውልት እንደማይሰረዝ ዐውቃለሁ። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ፤ በዚያ ጦርነት ደግሞ ሁሉም ወገን ወግቷል፣ ሁሉም ተወግቷል። በ2015 የተፈረመውን ሌላውን ስምምነትም የማሊ ወታደራዊ መንግሥት በጃንዩወሪ 2024 አፍርሶታል።

እዚያችው ከተማ ውስጥ ከሐውልቱ የተሻለ መምህር አለ። በ1327 ገደማ የተሠራው የጂንገረበር መስጊድ ጭቃ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምርጊቱ ያልታደሰ ግድግዳ ብዙ ክረምት አይሻገርም። መስጊዱ ይህን ያህል ዘመን የቆመው የከተማው ሰው ከግንበኞቹ ጋር እየወጣ ደጋግሞ ስለመረገው ነው። የፈረሱትንም መቃብሮች እስከ 2015 ድረስ መልሰው ያቆሟቸው የከተማዋ ግንበኞች ናቸው። ሲሚንቶ ግን ሠርተው የሚረሱት ነገር ነው፤ በየዓመቱ እጅ አይጠይቅም።

ሰላምም እንዲሁ የጭቃ ቤት ነው። ወደፊት በዚያ ሐውልት ፊት የሚቆም ጎብኚ፣ ስንት ጠመንጃ ተቃጠለ ብሎ ከመቁጠሩ በፊት የዘንድሮውን ምርጊት ማን መረገ ብሎ ይጠይቅ።