«ጎበዝ ወጌሻ የት አለ?» ከመታሸትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ



በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ፣ ከዘጌ እስከ ጎርጎራ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ወገቡን ሲያመው ወይም አንገቱ አልዞር ሲለው በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ጎበዝ ወጌሻ የት አለ?» የሚል ነው። አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። በስልካችን ላይ አንድ የውጭ ሀገር ባለሙያ የታካሚውን አንገት ጠምዘዝ አድርጎ «ቋ!» ሲያሰኝ እናያለን፤ ታካሚውም ፈገግ ብሎ ይነሳል። ከዚያ «ዶክተር፣ ይሄ ሕክምና ያድናል ወይ?» ይባላል።

መልሴን አስቀድሜ ልስጥ። በእጅ የሚሰጥ ሕክምና እውነተኛ ሕክምና ነው። ነገር ግን እንደማንኛውም መድኃኒት የሚሠራበት ሕመም አለው፣ መጠን አለው፣ ፈጽሞ የማይሰጥበት ሁኔታም አለው። የኛ ችግር ሰው መታሸቱ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መታሸቱ ነው።

🔹 ኦስቲዮፓቲ ምንድን ነው?

ኦስቲዮፓቲ ማለት ጡንቻን፣ መገጣጠሚያንና አከርካሪን በእጅ በመዳሰስ፣ በመሳብ፣ በመጫንና በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና ነው። የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ስቲል በ1864 እ.ኤ.አ. ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጥቷል። የዘመኑ መድኃኒት ልጆቹን ስላላዳነለት ሌላ መንገድ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በ1874 ሐሳቡን ይፋ አደረገ፤ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ በኪርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት ከከተማ ከተማ እየዞረ ራሱን ሲያስተዋውቅ «መብረቁ ወጌሻ» ይል ነበር። አዎ፣ ወጌሻ! የነሱም ታሪክ ከኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ኦስቲዮፓቲ ያጠና ሰው እንደማንኛውም ሐኪም መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምናም ያደርጋል። በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ግን በእጅ ብቻ የሚያክም ባለሙያ ነው። በሀገራችን ኦስቲዮፓቲ ገና የተለመደ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚቀርበን ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ስለዚህ «የእጅ ሕክምና እፈልጋለሁ» የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ፊዚዮቴራፒስት ነው።

🔹 ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «የወጣው አጥንት ገባ» ይላል። አይደለም። በመገጣጠሚያ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ መገጣጠሚያው በድንገት ሲለጠጥ በፈሳሹ ውስጥ የአየር አረፋ ይፈጠራል፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጣታችንን ስናንቋቋ የምንሰማውም እሱኑ ነው። ድምፅ ተሰማ ማለት ዳንኩ ማለት አይደለም፤ አልተሰማም ማለትም ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።

አንገትን በኃይል መጠምዘዝን በተመለከተ ግን ቆም ብለን እናስብ። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ የደም ሥሮች ያልፋሉ። አልፎ አልፎም ቢሆን በድንገተኛ ጥምዘዛ ተሰንጥቀው ስትሮክ ያመጡበት ጊዜ አለ። ጸጉር ቤትም ይሁን ማሳጅ ቤት፣ አንገትዎን በድንገት ሊጠመዝዝ የሚነሳን ሰው «አንገቴን ተወው» ይበሉት። ይሉኝታ እዚህ ላይ አያስፈልግም።

🔹 ለወገብ ሕመም ምን ይጠብቁ?

የወገብ ሕመም ብቻዎን የያዘዎት በሽታ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚመከሩት መካከል ስለ ሕመሙ ትምህርት፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴና በሠለጠነ እጅ አከርካሪን ማንቀሳቀስ ይገኙበታል። የወገብ ቀበቶንና ጠንካራ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎችን ግን በመደበኛነት እንዲሰጡ አልመከረም።

ስለዚህ ከሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚጠበቀው ይህ ነው፦

✅ ሕመሙ ቀለል ይላል፤ ጎንበስ ቀና ማለት ይሻላል
✅ በማግስቱ ቀላል የጡንቻ መዛል ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል
✅ ባለሙያው ቤት ውስጥ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ይሰጥዎታል

የማይጠበቀው ደግሞ፦

❌ «ያበጠ ዲስክህን በእጄ እመልሰዋለሁ» የሚል ተስፋ
❌ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለአስም የሚወስዱትን መድኃኒት የሚያስቆም እሽት
❌ ዕድሜ ልክ በየሳምንቱ የሚከፈልበት ቀጠሮ

በኔ እምነት አራት ወይም አምስት ጊዜ ታይተው ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ስድስተኛውን ከመክፈል በፊት ሐኪም ዘንድ ተመልሶ «ሕመሜ ሌላ ይሆን?» ማለት ይሻላል። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በራሱ በጥቂት ሳምንታት እንደሚሻልም አይዘንጉ። በሦስተኛው ሳምንት ያሸው ሰው ምስጋናውን ቢወስድም፣ ያዳነዎት ጊዜው ሊሆን ይችላል።

🔹 ወላጆች፣ እባካችሁ ይህችን በደንብ አንብቧት

ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወደቀ፣ ወይም ባጃጅ ገጨው፣ ክርኑ አበጠ እንበል። ወጌሻ ይጠራል። ይታሻል፣ ይሳባል፣ በቀርቀሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። «አጥንቱ ሲገጥም ነው፣ ቻለው» ይባላል።

አይደለም! የተሰበረ እጅ ከውስጥ ያብጣል። ከውጭ ጥብቅ እስር ካለ እብጠቱ መሄጃ ያጣና የደም ሥሮችን ይጨፈልቃል። ደም ያልደረሰው ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። ዕድለኛ የሆነው ልጅ ጣቶቹ ተቆልምመው ይቀራሉ፤ ዕድለኛ ያልሆነው እጁን ያጣል። በሀገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች በልጆች ላይ ለሚደረግ የእጅና የእግር መቆረጥ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ ከወጌሻ እስር በኋላ የሚመጣ ጋንግሪን መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

ልጅዎ በወጌሻም ይሁን በሆስፒታል ጄሶ የታሰረ ከሆነ፣ እነዚህን ካዩ ሌሊትም ቢሆን እስሩ መላላት አለበት፦

⚠️ ማስታገሻ የማያስታግሰው፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም
⚠️ ጣቶቹን ቀስ ብለው ሲዘረጉለት የሚጮህ ከሆነ
⚠️ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ
⚠️ ጥፍሩን ጫን አድርገው ሲለቁት ቀይ መልኩ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ

የጨርቅና የቀርቀሃ እስር ከሆነ ወዲያው ይፍቱትና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጄሶ ከሆነ ሳይዘገዩ ወዳሠረው ወይም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከደቅ ደሴት ወይም ከሐይቁ ማዶ ለሚመጣ ልጅ የጀልባው ጉዞ ራሱ ከዚያች አጭር ጊዜ ላይ ይቀነሳል። «ይንጋ» አይባልም።

ልጁ ገና እንደወደቀ ማድረግ ያለብዎት ትንሽ ነገር ነው። አያሹት፣ አይሳቡት። አምባርና ክር ካለበት ያውልቁለት። እጁን ባለበት ሁኔታ በነጠላ ወይም በሻርፕ አንገቱ ላይ ያንጠልጥሉለትና ይምጡ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ።

🔹 እጅ ተአምር የሚሠራበት ቦታም አለ

እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን አይተው ያውቁ ይሆናል። «እርግማን ነው» ተብሎ ቤት መደበቅ የለበትም። ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ባዳበሩት ዘዴ፣ ባለሙያው እግሩን በእጁ ቀስ እያለ ያቃናና በየሳምንቱ ጄሶ ይቀይርለታል። ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጄሶ ይበቃል። ከዚያም ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላላል፤ ቀጥሎም ልዩ ጫማ ይደረጋል። ጫማው መጀመሪያ ለ3 ወር ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስ ሲተኛ ብቻ ነው። ጫማውን ቶሎ የጣለ ወላጅ እግሩ ተመልሶ ሲጣመም ያያል።

ልብ ይበሉ፤ ይህም የእጅ ሕክምና ነው። የሠራው ግን ሕመሙ ታውቆ፣ በቀስታ፣ በተለካ መንገድ ስለተደረገ ነው።

🔹 የማይነካ ጀርባ

በሀገራችን ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ብዙ ነው፤ የአከርካሪ አጥንትንም ይይዛል። በቲቢ የተበላ አጥንት ሲታሽና ሲጫን ሊደቅ፣ ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳና ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ከጀርባ ሕመም ጋር ከሚከተሉት አንዱ ካለ ማንም እንዲያሸው አይፍቀዱ፤ መጀመሪያ ምርመራ!

🚫 ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ
🚫 ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር
🚫 የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፤ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል
🚫 ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ሕመም
🚫 ልጅ ከሆነና ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚያስነሳው ከሆነ

ሕፃናትን በቅቤ ወይም በቅባት ለስለስ አድርጎ ማሸት የእናት ፍቅር ነው፤ ጉዳት የለውም። እርግብግቢት ሲሰረጉድ ግን በእጅ ወይም በላንቃ በኩል ለመግፋት አይሞክሩ። የሰረጎደ እርግብግቢት ሕፃኑ ውኃ እንዳጠረው የሚናገር ምልክት ነው፤ ጡት፣ ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ይፈልጋል።

🔹 ወጌሻን መስደብ መፍትሔ አይሆንም

ሰው ወጌሻ ዘንድ የሚሄደው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያመመውን ቦታ ይዳስሳል፣ ምን እንደሚያደርግ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን አንዳንዴ ሳንነካው ወረቀት ሰጥተን ወደ ኤክስሬይ እንልከዋለን። የታካሚውን ወገብ በእጁ ሳይዳስስ የጻፈ ሐኪም፣ ታካሚው ለምን ወደሚዳስሰው ሰው እንደሄደ ሊገርመው አይገባም። ይህን የምለው ለባልደረቦቼ ነው።

ለወጌሾችም የሚባል አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ከሀገራችን የወጣ ጥናት፣ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን ሆስፒታል የሚመጡ ሰዎች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ጥብቅ አድርጎ አለማሰር፣ ጣቶችን ገልጦ መተው፣ በማግስቱ ማየት፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወይም ክርን ከተሰበረ ጨርሶ አለመንካት፤ ይህ ለአንድ ብልህ ወጌሻ ከባድ ትምህርት አይደለም። «ይህ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰዱት» የሚል ወጌሻ ካወቁ ያክብሩት።

🔹 እጅ ከመቀበልዎ በፊት አራት ጥያቄ

1. ሕመሜ ምን እንደሆነ በምን አወቅህ?
2. ይህንን የት ተማርከው?
3. ከስንት ጊዜ በኋላ ለውጥ ልጠብቅ?
4. ካልተሻለኝ ወዴት ትልከኛለህ?

አራተኛውን የማይመልስ ሰው፣ ነጭ ጋወን የለበሰም ይሁን ጋቢ የደረበ፣ ሰውነትዎን አይስጡት።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ገጠር ላሉ ዘመዶችዎ ያንብቡላቸው። ቢያንስ የጥፍሩን ምርመራ አንዲት እናት ብታውቀው የአንድ ልጅ እጅ ይተርፋል።

ጥያቄ ካለዎት በአስተያየት መስጫው ይጻፉልን።

መልካም ጤና!