ስለማይፈታው ሹሩባ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፥ እንደ ሌላውም የወሎ አገር ሁሉ፥ ጠጕር መሥራት ከቤት ሥራ አንዱ ሁኖ ኖሯል። ሠሪዋ በበርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ የምትሠራው ልጅ ከእግሯ ሥር ትሆናለች፤ ጠጕሩ በወስፌ ይከፈላል፥ በሚዶ ይበጠራል፥ ከግንባር ወደ ማጅራት ይጐነጐናል። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ይፈታል፤ ራስ ይታጠባል፤ ቅቤ ይቀባል፤ ዳግመኛም ይሠራል። እናቶቻችን ስለ ጠጕር የሚያውቁት ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው ሹሩባ ይፈታል በሚለው ነገር ላይ ነው።

ወጣቶች ድሬድ ብለው የሚጠሩት ግን አንድ ጊዜ ከተገመደ በኋላ የማይፈታ ሹሩባ ነው። ስለዚህ ልጇ ድሬድ ማሳደግ የጀመረባት እናት፥ በቍጣ ካልተነሣችበት፥ በምታውቀው መንገድ ልትረዳው ትፈልጋለች፤ ቅቤውን ታቀልጣለች፥ ሥሩንም አጥብቃ ትይዛለች። በቅን አሳብ የተደረገው ይህ እርዳታ ጠጕሩን ሊያበላሸው ይችላል። ቍጣው ደግሞ ልጁን ከቤት ያርቀዋል። ክቡራን አንባቢዎቻችን በየቤታቸው ይህ ነገር ቢያጋጥማቸው፥ ከእናቶች ጥበብ የትኛው ለዚህ ጠጕር እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን ለይተው ያውቁ ዘንድ ይህን ጽፈናል።

አስቀድሞ ስለ ፍርሃቱ ጥቂት መናገር ይገባል። ወንድ ልጅ ጠጕሩን ማስረዘሙና መጐንጐኑ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስና ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ሹሩባ ተሠርተው በሥዕላቸው ይታያሉ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞችም ጠጕራቸውን አጐፍረው እንደ ነበረ ፎቶግራፋቸው ይመሰክራል። ይልቁንም የሐይቅ ሰው፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤቱ ስለ ሆነ፥ ምናኔ ምን እንደ ሆነ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቃል። ጠጕሩ ተጋግሮ በትከሻው ላይ የወረደ ባሕታዊ ቢያጋጥመው ይሳለመዋል እንጂ አይደነግጥም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸውን ጠጕር ሸፍኖት አንበሳና ነብር ከበዋቸው ይሣላሉ። ባሕታዊውን ተሳልሞ በዚያው ቀን የጎረቤቱን ልጅ ስለ ጠጕሩ የሚሳደብ ሰው ግን አይታጣም።

እርግጥ ባሕታዊው ጠጕሩን የተወው ገላውን ስለ ናቀ ነው፤ ወጣቱ ግን ለጌጥ ያሳድገዋል። ድሬድ የሚለውም ስም የመጣው ከጃማይካ ነው። በዚያ ደሴት የሚኖሩ ጥቁሮች፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ጊዜ ይህ ለእኛ የተደረገ ምልክት ነው ብለው ከንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ ስም ራስ ተፈርያን ተባሉ። ብዙዎቹም በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው የናዝራዊ ስእለት ምላጭ ራሳቸውን እንዳይነካው ወሰኑ። ሶምሶንም ናዝራዊ ነበረ፤ ደሊላ ያስላጨችው ጠጕሩ ሰባት ጉንጉን እንደ ነበረ መጽሐፈ መሳፍንት ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲደርሱ የአየር ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ብዙው እንዲህ ያለ ጠጕር ያለው ነበረ። ከእነዚህም ሰዎች ወደ ሻሸመኔ መጥተው የሰፈሩ አሉ። እንግዲህ በሐይቅ ልጅ ራስ ላይ የሚታየው ነገር ከእኛው አገር ስም ተነሥቶ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ መልኩን ለውጦ የተመለሰ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ግን ጠጕሩን ስላሳደገ ብቻ ሃይማኖቱን ለወጠ ወይም ጢስ ማጤስ ጀመረ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። የእኛ ጠጕር ከሥሩ ጀምሮ ተጠምዞ ስለሚበቅል አንዱ በሌላው ላይ መጠምጠም ባሕርዩ ነው። ከሰው ራስ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጕር ይረግፋል። በሚበጠር ራስ የረገፈው ከሚዶው ጋራ ይወጣል፤ በድሬድ ግን በዘለላው ውስጥ እንደ ተጠመጠመ ይቀራል። ዘለላውን የሚያጠነክረው ይኸው ነው እንጂ ሰም ወይም ሙጫ አይደለም። አንዳንዶች በችኮላ የንብ ሰም ይቀቡታል፤ ሰሙ በውሃ ስለማይለቅ ትቢያን ይዞ ለዓመታት ከውስጥ ይኖራል።

ለመጀመር ጠጕሩ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ በቂ ነው። ራስ በሻምፖ ይታጠባል፤ ጠጕሩ እርጥበት ሳይለቀው በወስፌ ጫፍ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፈላል። እዚህ ላይ የሹሩባ ሠሪዋ እጅ የሚተካው የለም፤ መሥመር ማውጣት የምታውቅ እናት ግማሹን ሥራ ጨርሳለች። የአንዱ ክፍል ስፋት አንድ ሳንቲ ሜት­ር ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ይሁን። ክፍሎቹ እንደ ግንብ ድንጋይ ቢዛነቁ የራሱ ቆዳ በመሥመር አይታይም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዘለላ በጣት ወይም በሚዶ ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈተላል፤ ግማሹን ወደ ቀኝ፥ ግማሹን ወደ ግራ መፍተል መልሶ ያላላዋል። ጠጕሩን ለማስያዝ ተልባ አፍልቶ በጨርቅ ያጠለሉት ውሃ ይበቃል፤ ይህም በሱቅ ከሚሸጠው ጀል ይልቅ በቀላሉ ይታጠባል። ዘለላውን በላስቲክ ማሰር ግን ጠጕርን ይበጥሳል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ አለመንካት ነው፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘለላው ከፊሉ ይፈታል፥ ከፊሉ ይቆማል፥ ራሱ በሙሉ የተንጨባረረ ይመስላል። በስድስተኛው ወር አካባቢ መካከሉ ያብጣል፤ ጨርሶ ለመጠንከር ዓመት፥ ለአንዳንዱም ዓመት ተመንፈቅ ይወስዳል። በቤት ውስጥ ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አባት የሚያየው ገና ያላለቀ ሥራ ስለ ሆነ አይፈረድበትም። ለልቅሶ ወይም ለሠርግ ሲሄዱ ልጁ ሻሽ ወይም ሰፊ ቆብ ቢያደርግ ሁለቱም ወገን ያርፋል።

ጠጕር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋልና አዲስ የበቀለው ሥር በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ ይፈተላል። ከዚህ አብልጦ በየሳምንቱ መፍተል ሥሩን ያሳሳዋል። ደርቆ ሳለም አይፈተልም። በየእጥበቱ ጊዜ ደግሞ ጎረቤታሞቹን ዘለላዎች ከሥራቸው በጣት መለያየት ያስፈልጋል፤ ካልተለያዩ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፥ በኋላም ያለ መቀስ አይለያዩም።

ድሬድ አይታጠብም የሚለው ወሬ ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን እርሱ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። ሻምፖው በጆግ ውሃ ውስጥ ቀጥኖ በራሱ ቆዳ ላይ ይፈስሳል፤ ቆዳው በጣት ጫፍ ይታሻል እንጂ በጥፍር አይቧጠጥም፤ ዘለላው ግን አይታሽም፥ እንደ ነጠላ ይጨመቃል። እንዶድ ልብስን ቢያጠራም ዓይንን ያቃጥላልና ለራስ አንመርጠውም። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ከሆነ፥ ለትጥበት ውሃው እስከ ጠጕሩ ሥር እንዲደርስ ዘለላውን ሳያበዙና ሳያወፍሩ መጀመር ይሻላል፤ የቀረውን ሸሁን መጠየቅ ነው።

ከማጠቡ ይልቅ ማድረቁ ይበልጣል። የወፈረ ዘለላ ከውጭ ደረቅ መስሎ ከውስጥ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ይሆናል፤ ሳይደርቅ ቢታሰር ወይም ቢተኙበት እንደ እርጥብ ጆንያ ይሻግታል፥ ሽታውም በሽቶ አይሸፈንም። በሐይቅ አካባቢ በበጋ ችግር የለም፤ በጧት ታጥቦ በፀሐይ የተቀመጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ደርቆ ይነሣል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ጧት መታጠብ፥ በፎጣ ደጋግሞ መጭመቅ፥ ከዚያም ሳይሸፍኑ መቀመጥ ያስፈልጋል። ማታ መታጠብ በክረምት ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ቅቤ ሳንናገር ብናልፍ የወሎ እናቶች ይታዘቡናል። ለጋ ቅቤ አደስ ገብቶበት በራስ ላይ ሲያርፍ መዓዛው ደስ ያሰኛል፥ ጠጕርን ያለሰልሳል፥ ፀሐይንም ይከላከላል። ይህ ሁሉ በሚፈታው ሹሩባ ላይ እውነት ነው፤ ሲፈታ ሚዶው ያልፍበታል፥ አሮጌው ቅቤ ከትቢያው ጋራ ታጥቦ ይወጣል። በድሬድ ግን ቅቤው ቀልጦ ሚዶም ውሃም ወደማይደርስበት ወደ ዘለላው መካከል ይገባል። በዚያም የመንገዱን አቧራ ይዞ ይከርማል፥ ይከረፋል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር እየገመዱ ያምሩበት የለምን ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። ያምሩበታል፤ ያ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፥ በነጭ ትራስ ለሚተኛና በቢሮ ለሚውል ሰው አይስማማም።

ቢሆንም እናቲቱን ቅቤሽን ይዘሽ ተመለሽ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ልጇን የምትዳስስበት እጅ ያ ነው። ስለዚህ በእጥበቱ ዋዜማ ማታ፥ በጣት ጫፍ የሚነሣ ያህል ቅቤ በመሥመሮቹ መካከል በራሱ ቆዳ ላይ ብቻ ትቀባው፥ ዘለላውን አትንካው፤ በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ ይታጠበው። በሌላው ቀን ቆዳው ቢደርቅ ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ይበቃል።

የማጥበቅ ነገር ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳስባል። በጣም የተሳበ ጠጕር በመጀመሪያ በግንባር ዳርና በጆሮ አጠገብ ይሳሳል፤ ራስ ያማል፥ በሥሩም ትንንሽ ብጉር ይወጣል። በጊዜው ከላላ ጠጕሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋል፥ ስፍራው ተመልጦ ይቀራል፥ መድኃኒትም አይመልሰውም። ይህ በድሬድ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ሲሠሯት ያለቀሰችን ልጅ ቁንጅና ያማል እያሉ ዝም ማሰኘት ግንባራቸው የሸሸ ብዙ እመቤቶች አፍርቶልናል። የረዘመና የከበደ ድሬድንም ቀኑን ሙሉ ከአናት ላይ ጠቅልሎ ማሰር ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

ቆረቆር የያዘው ልጅ ሳይድን አይጀምር። በሽታው ወደ ጠጕሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻ አያድነውም፤ ከጤና ጣቢያ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፥ ሚዶውና ሻሹም ለብቻ ይሁን። ቅማልም እንዲሁ አስቀድሞ መጥፋት አለበት፤ በተገመደ ጠጕር ውስጥ ቅጫምን ለቅሞ የሚጨርስ የለም።

ልጄ በዚህ ራስ ሥራ ያጣል፥ ከትምህርት ቤት ይመለሳል የሚል ወላጅ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ይህ ጕዳይ በሌላም አገር ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በኬንያ በ2012 ዓ.ም.፥ በማላዊም በ2015 ዓ.ም. የራስ ተፈርያን ልጆች ስለ ጠጕራቸው ከትምህርት ቤት እንዳይከለከሉ ዳኞች ፈርደዋል። ሹማምንት የሆኑ አንባቢዎቻችን አመልካች ሲቀርብላቸው ራሱ ንጹሕ መሆኑን ቢመለከቱ ተገቢ ይመስለናል፤ ንጹሕ ያልሆነ ራስማ የተላጨም አለ።

ልጁ ተኝቶ ሳለ በመቀስ የሚቈርጡ ወላጆች ግን እጅግ ይሳሳታሉ። የዓመት ተመንፈቅ ትዕግሥት በአንድ ሌሊት የተቈረጠበት ልጅ ጠጕሩን ዳግመኛ ያበቅላል፤ በዚያ ቤት ተማምኖ መተኛትን ግን ይተዋል። ራሱ ልተወው ያለ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘለላውን በውሃና በዘይት አርሶ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥር በወስፌ ጫፍ መፍታት ይቻላል፤ ብዙ ቀን ይፈጃል። የጠነከረ ከሆነ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሥሩ አስቀርቶ መቍረጥና የቀረውን መፍታት ይቀላል። ሲፈታ እፍኝ የሚሞላ ጠጕር ይወጣል፤ እናት ይህን አይታ ልጄ ተመለጠ ብላ አትደንግጥ፤ በየቀኑ ሲረግፍ የኖረው ሁሉ በዚያ ተጠራቅሞ ነው።