ስለ ዐይነ ስውራን ተማሪዎችና ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን

ዐይነ ስውር የሆነ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ገባ ማለትና ተማረ ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ደጃፉን ሕግ ከፍቶታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አካል ጉዳተኞች ይረዱ ዘንድ መንግሥት እንደ አቅሙ በጀት እንዲመድብ ያዝዛል፤ ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ነገር ግን ተማሪው በክፍሉ ተቀምጦ የሚሰማው ምንድን ነው? መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ወደ ሰሌዳው ይዞርና «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር ያንን ይሰጣል» ይላል። ለማያይ ሰው «ይህ»ም «ያ»ም ባዶ ድምፅ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የኢትዮጵያ ነባር ትምህርት አብዛኛው በጆሮ የሚሰጥ መሆኑ ነው። በቅኔና በዜማ ቤት መምህሩ በቃል ይነግራል፥ ተማሪውም በቃል ይቀበላል፤ ስለዚህ ዐይነ ስውሩ ከሚያየው ጓደኛው ጋር እኩል ተቀምጦ ተምሯል፤ ከእነርሱም መካከል ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን ወጥተዋል። እንግዲህ ዛሬ ተማሪውን ወደ ኋላ የሚያስቀረው የዐይኑ ጉዳት ብቻ ሳይሆን ሁሉን ነገር በሰሌዳና በወረቀት ላይ ያኖረው የማስተማር ልማድ ነው።

ብሬል አለላቸው የሚል ይኖር ይሆናል። በስድስት ነጥብ የሚጻፈው ይህ ጽሕፈት ለአማርኛም ተስማምቶ መሠራቱ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም በአማርኛ ብሬል ብዙው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ፥ ወረቀቱም ወፍራም ስለ ሆነ፥ አንዱ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ ተገልብጦ እስኪያልቅም የትምህርቱ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ኮምፒዩተርም ጽሑፍን ድምፅ አድርጎ ያነባል፤ ነገር ግን መምህሩ የሰጠው በፎቶግራፍ የተነሣ ገጽ እንደ ሆነ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከሥዕል በቀር ቃል አያገኝበትም።

ከሁሉ የሚከፋው የፈተናው ነገር ነው። ጥያቄውን የሚያነብለት፥ መልሱንም የሚጽፍለት ሰው ትምህርቱን የማያውቅ እንደ ሆነ ቃሉን ያጣምምበታል፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሚመዘነው በራሱ ዕውቀት ሳይሆን በአንባቢው አንደበት ነው። በበጎ ፈቃድ የመጣው አንባቢ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ይህን ሥራ እንደ ምጽዋት የሚቈጥረው ተቋም ነው።

ዐይነ ስውሯ የሕግ ዐዋቂ ወይዘሮ ይትነበርሽ ንጉሤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ ለተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት በቅተዋል። ይሁን እንጂ እርሳቸው በብርታታቸው ከዚህ ስለ ደረሱ ሌላው ሁሉ በብርታቱ ይድረስ ማለት ፍርድ አይሆንም።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ለሕንጻ ይሠራ ይሆናል። በሰሌዳ የሚጻፈውን እያነበቡ መጻፍ፥ ሥዕሉን በቃል መግለጥ፥ የትምህርቱንም ጽሑፍ ከክፍሉ ቀን አስቀድሞ መስጠት ግን ሳንቲም አያስወጣም። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ይህን በመምህራን የሥራ ደንብ ውስጥ አግብተው፥ ለፈተና አንባቢዎችም አበል ወስነው፥ ገና ትምህርት ሲከፈት ሊያስጀምሩት ይችላሉ።