ቆራሌው የናቀው ኩባያ

ኩባያው ላይ ሦስት ቀስቶች እየተከታተሉ ይዞራሉ። ከሥራቸው አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። ቡናውን የሸጠችልኝን ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ተመልሶ ይሠራል ማለት ነው፤ ቤትዎ ለይተው ያስቀምጡት» አለችኝ። እኔም የዋህ ነኝና አስቀመጥኩ። በአንድ ወር ተኩል 43 የወረቀት ኩባያ አጥቤና አድርቄ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሰክቼ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ በሚመጡበት ቀን በር ላይ ጠበቅኋቸው።

ሴትዮዋ ተቀብላ አየችው። «ወንድሜ፣ ሃይላንድ የለህም?»

«ይሄስ?» አልኳት።

«ይሄማ ቆሻሻ ነው» ብላ ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጋር ጨመረችው።

እልህ ያዘኝ። በማግስቱ ቆራሌውን ጠርቼ በእጄ የቀረችውን አንዷን ባሳየው እንኳን ሊገዛኝ፣ በነፃም አልወስድም አለ።

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ሰዎች አትፍረድ። ከማንኛችንም በላይ ዕቃ ያውቃሉ። ጄሪካኑ፣ ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱ፣ ሃይላንዱ ያለ አንዳች ፖስተርና ስብከት ከየቤታችን ተለቅሞ ምናለሽ ተራ የሚገባው ዋጋ ስላለው ነው። የወረቀት ኩባያ ግን ወረቀት ብቻ አይደለም። ቡናው እንዳያፈስ ውስጡ በስሱ ፕላስቲክ ተለብጧል። ተራ ወረቀት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይላቁጣል፤ ይህኛው ግን ፕላስቲኩን ከወረቀቱ የሚያላቅቅ የተለየ መሣሪያ ይፈልጋል። የወተትና የስኳር ቅሪቱ ደግሞ አብሮት የተቀመጠውን ንጹሕ ወረቀት ያበላሻል።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ጣጣ ነው የሚል ካለ ወደ እንግሊዝ ይመልከት። በየቤቱ ደጃፍ የተለየ የቆሻሻ ሣጥን ባለበት በዚያ አገር፣ የምክር ቤቱ የአካባቢ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 2.5 ቢሊዮን የቡና ኩባያ እንደሚጣልና ተመልሶ የሚሠራው ከ400 አንዱ ያህል ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ኮሚቴው በየኩባያው 25 ፔንስ ይከፈል ብሎ ነበር። መንግሥት አልተቀበለውም።

እንግዲህ ቀስቱ ምን ሊሠራ ኩባያው ላይ ተሳለ? ኃላፊነቱን ከሻጩ ትከሻ አውርዶ በእኔና በዚያች ጋሪ በምትገፋ ሴት ላይ ለመጫን ነው እላለሁ። ሕጉም ቢሆን ወደ ቤታችን ሲያይ ነው የኖረው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ ተመልሶ የሚሠራውን እንዲለይ ያዝዝ ነበር። እሺ፣ ለየሁ። የለየሁትን ማን ይወስዳል?

ጋሪው የጫነው የት እንደሚደርስ የዚህ ከተማ ሰው ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲው ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ቆሻሻ ተጭኗቸው ሞተዋል። ክምሩን የናደው የወረቀት ኩባያ ነው አላልኩም። ግን በዚያ ዓይነት ክምር ላይ ለአሥር ደቂቃ ቡና ሲባል የሚጨመረውን ነገር «አረንጓዴ» ብሎ መሸጥ ነውር ነው።

መላው ሩቅ አልነበረም። ለስላሳ ልንገዛ ሱቅ ስንላክ «ባዶ ጠርሙስ አምጣ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ባዶ ከሌለ መያዣ ይከፈላል። ሥዕል የለው፣ ስብከት የለው፣ ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ኩባያ አምራቹና አስመጪውም የሸጡትን መልሰው ይውሰዱ፤ የማይወስዱ ከሆነ ቀስቱን ያጥፉልን። ካፌዎችም ቁጭ ብሎ ለሚጠጣ ሰው በሲኒ ያቅርቡ።

ንጽሕናስ ለሚሉኝ መልስ አለኝ ብዬ አልኮፈስም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሲኒ ማጠብ ቀልድ አይደለም። ሆኖም ሳህኑንና ሹካውን የሚያጥብ ቤት ሲኒው ላይ ሲደርስ ውኃ አለቀብኝ ቢል አላምነውም።

ባለፈው ማክሰኞ እዚያው ካፌ ገብቼ «በሲኒ አድርጊልኝ» አልኳት። ልጅቱ ደንገጥ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ «ሲኒ የለንም፤ ከፈለጉ ግን ሁለት ኩባያ ደርቤ ልስጥዎት፣ እንዳያቃጥልዎት» አለችኝ። አመስግኛት ወጣሁ። ማዶ ጥግ ላይ ጀበና የጣደች ሴት ዱካዋን ሳብ አድርጋ አስቀመጠችኝ።