የታደሰ ገንዳና የነጋዴ እምነት

ከአሮጌ ቤት የወጣ፣ አራት ጥፍራም እግሮች ያሉት የብረት ገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ ለአንዱ በኪሎ የሚሸጥ ቁርጥራጭ ብረት፣ ለሌላው ግን በብርቱ የሚፈለግ የቤት ጌጥ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዳ አሳድሶ የሚሸጥ ወይም ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ተገቢውን ትርፍ ቢያገኝ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን «ታድሷል» የምትለው ቃል ብቻዋን በደረሰኝ ላይ ስትጻፍ ብዙ ነገር ትሸፍናለች።

ገንዳው ተፈላጊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ጆን ማይክል ኮለር የተባለው ባለፋብሪካ በ1883 እ.ኤ.አ. የፈረስ ውሃ ማጠጫ የሆነውን የብረት ገንዳ በኢናሜል ለብጦ፣ አራት እግር ጨምሮ ለገላ መታጠቢያ አቀረበው። ኢናሜል ቀለም አይደለም፤ ተፈጭቶ በጋለው ብረት ላይ የሚነሰነስና ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ቀልጦ ከብረቱ ጋር የሚጣበቅ ብርጭቆ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ገንዳ ዛሬም ለአገልግሎት የሚበቃው ስለዚህ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እድሳት ግን ሌላ ነው። ቅባቱና ዝገቱ ተጠርጎ፣ ገጹ ሻክሮ፣ ሁለት ፈሳሾች የተደባለቁበት ቀለም ይረጭበታል። ይህም መጥፎ ሥራ አይደለም፤ በጥንቃቄ ቢያዝ ለዓመታት ያገለግላል። በሚፍቅ ዱቄት ቢታሽ ግን ቶሎ ይላላጣል። እንግዲህ ቀለም የተቀባውን ገንዳ ኢናሜል ነው ብሎ መሸጥ ማታለል እንጂ ንግድ አይባልም።

ከዚህ የሚብሰው የጤና ጉዳይ ነው። በቀድሞው ኢናሜልና በውጭው ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሳይመረመር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ እንደ ሆነ፣ ብናኙ ሠራተኛውንና በቤት ያሉትን ሕፃናት ይጎዳል።

አተካከሉም ጥንቃቄ ይሻል። ባዶው ገንዳ 130 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን፣ 180 ሊትር ውሃና አንድ ሰው ሲጨመሩበት ወደ 400 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ይህም ሁሉ በአራት እግር ላይ ያርፋል። ስለዚህ የፎቅ ጣውላ ወለል አስቀድሞ በባለሙያ ሊታይ ይገባል። እግሮቹም ለገንዳቸው ተለክተው የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከሌላ ገንዳ የመጣ እግር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በብዙዎቹ አሮጌ ገንዳዎች ደግሞ ውሃው የሚወርድበት አፍ ከገንዳው ከንፈር በታች ነው። የመስመሩ ግፊት በወደቀ ጊዜ እድፋሙ ውሃ ወደ ንጹሑ ቧንቧ ተመልሶ ሊሳብ ስለሚችል፣ አዲሱ አፍ ከከንፈሩ በላይ መተከል አለበት።

«ይህን ሁሉ ለገዥ መዘርዘር ዋጋ ያወርዳል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። የሆነ ሆኖ ገዥ የሚሸሸው ጉድለቱን አውቆ ከገዛው ዕቃ ሳይሆን፣ ከገዛው በኋላ ጉድለቱን ካወቀበት ሱቅ ነው። የገንዳው ገጽ የፊተኛው ኢናሜል ወይም ቀለም መሆኑ፣ እርሳስ መመርመሩ፣ ክብደቱና የአራቱም እግሮች መሟላት በደረሰኙ ላይ ቢጻፉ የሚፈጁት አራት መስመር ብቻ ነው። አራት መስመር ለመጻፍ የሰነፈ ነጋዴ ግን ቀለሙ በተላላጠ ዕለት ስሙም አብሮ ይላላጣል።