«ሥላሴ» የሚባል ንጉሥ አልነበረም



ሰሞኑን ከዐስር ሰላት በኋላ እዚህ ቡታጅራ አንድ ወጣት ወንድማችን የውጭ ጉዞ ፎርም ይዞ መጣ። የአያቱ ስም አብዱረሕማን ነው። ፎርሙን የሞላለት ሰው ግን ስሙን ለሁለት ሰንጥቆ፣ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ «ራህማን» ብቻ ጽፎለታል። «ኡስታዝ፣ ምን ችግር አለው? ያው ስም ነው» አለኝ። ችግርማ አለው። እኔ ግን ማስረዳት የጀመርኩት ከጃንሆይ ነው።

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ስታነቡ፣ ብዙ ጊዜ «ሥላሴ እንዲህ አደረገ፣ ሥላሴ እንዲህ አለ» የሚል ታገኛላችሁ። ጸሐፊዎቹ የመጨረሻው ቃል እንደ ቸርችል ወይም እንደ ሙሶሊኒ የቤተሰብ ስም ይመስላቸዋል። በእኛ አገር ልማድ ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይመጣል። ሰውየው ተፈሪ መኮንን ነበሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸው የንግሥና ስም ሆነ። «የሥላሴ ኃይል» ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ናቸው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የጣሊያንን ግፍ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲያሰሙ የተናገሩት እኚሁ ሰው እንጂ «ሥላሴ» አልነበሩም።

«በእሳቸው ዘመን አባቶቻችን እንደ ሁለተኛ ዜጋ ይታዩ ነበር፤ ስማቸው ቢቆረጥ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በደሉ እውነት ነው። ግን ፍትሕ ለምንወደው ሰው ብቻ የምናደርገው ነገር አይደለም። ደግሞም መቀሱ እኛም ዘንድ ደርሷል። የግብጹ መሪ ጀማል አብዱናስር በእንግሊዝኛ «ናስር» ተብሎ ቀረ። እኛም ተቀብለን በአማርኛ «ናስር» እንላለን።

እስኪ አስተውሉ። የግዕዙ «ገብረ» እና የዐረብኛው «ዐብድ» ሁለቱም «አገልጋይ፣ ባሪያ» ማለት ናቸው። የአገራችን ሰው ስም ሲያሳጥር ገብረማርያምን «ገብሬ»፣ ኃይለ ሥላሴን «ኃይሌ»፣ አብዱረሕማንን «አብዱ» ይላል። ያልተማረችው እናታችን እንኳ ልጇን «ረሕማን፣ ና ምሳህን ብላ» ብላ አትጠራም። ሰውየውን ታስቀራለች፣ የጌታን ስም ለጌታው ትተዋለች። የእንግሊዝኛው አቆራረጥ ግልባጩ ነው፦ ባሪያውን ጥሎ የጌታውን ስም በሰው ላይ ይለጥፋል። አር-ረሕማን ደግሞ ለአላህ ብቻ የተለየ ስም መሆኑን ዑለሞቻችን አስተምረውናል።

«ፈረንጅ አይገባውም፣ ተወው» አትበሉ። ዛሬ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ጠቅላይ ሚኒስትሩን «ዐቢይ» እንጂ «አህመድ» አይሉም። የአገሩን ልማድ ጠይቀው ተማሩ ማለት ነው። የሚነግራቸው ካለ ይማራሉ።

ስለዚህ ወልቂጤም ሆናችሁ ቡታጅራ፣ ፎርም ስትሞሉ አብዱረሕማንን፣ አብዱልአዚዝን፣ አብዱልቃድርን በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ ላይ ገጥማችሁ ጻፉ። በመታወቂያችሁና በፓስፖርታችሁ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታዩ አትፈርሙ። ሌላ ሰው ከሞላላችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ስለ ጃንሆይ በእንግሊዝኛ ስትጽፉም «ኃይለ ሥላሴ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ።

ያ ወንድማችን ፎርሙን እንደገና ሞላው። የአያቱ ስም ሙሉ ሆኖ ተጻፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

ወሏሁ አዕለም።